የሥነ ጥበብ ታሪክን ከክረምት ሥልጠናችን ለሰረዛችሁ ኃላፊዎች፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የመምህራን የክረምት ሥልጠና አዘጋጆችና የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ አባላት

ደሴ

እኛ በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች የክዋኔና የዕይታ ጥበባትን የምናስተምር መምህራን ነን። የተቋሙን ስም እዚህ አንጽፍም። ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ወረቀት ነው። ለምዝገባ ስንመጣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፋ አገኘናት። ግማሽ ገጽ አትሞላም። የሥነ ጥበብ ታሪክ ኮርስ «ከአገር ግንባታ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት ስለሌለው» ተሰርዟል፣ ሰዓቱም ለሥራ ፈጠራ ተሰጥቷል ትላለች። ማኅተም አላት። ከመለጠፏ በፊት ግን ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ አልተጠየቀም። አንድ ባልደረባችን አንብቦ ሲጨርስ «እኔ እኮ የመጣሁት ለዚህ ኮርስ ነበር» አለና ሻይ ልጠጣ ብሎ ሄደ። ሌሎቻችን ቆመን ተያየን።

ሥራ ፈጠራን አንጠላም። ደመወዛችንን የሚያውቅ ሰው ለምን እንደማንጠላው ይገባዋል። ያበሸቀን ምክንያቱ ነው። ከትምህርት ሁሉ መርጣችሁ «ለአገር ግንባታ አይጠቅምም» ያላችሁት፣ ዩኒቨርሲቲ የገባው ራሱ በአገር ግንባታ በር የሆነውን ትምህርት ነው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ክፍል ውስጥ የሆነውን ስሙን። ብዕሩን የያዝኩት እኔ የኮምቦልቻ መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት 8ኛ ክፍልን ስለ ሐረግ አስተማርኩ። ብራና መጽሐፍ ላይ፣ ከጽሑፉ ራስጌ፣ እንደ ገመድ የሚጠላለፈውን ጌጥ ማለቴ ነው። ፕሮጀክተር የለንም። ከስልኬ ያገኘሁትን ፎቶ በጥቁርና ነጭ አሳትሜ ለየወንበሩ አንዳንድ አደልኩ። ልጆቹ በእርሳስ መገልበጥ ጀመሩ። አንዲት ልጅ ብቻ አልጀመረችም። ወረቀቱን እያዟዟረች ታየዋለች።

«ምነው?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ አያቴ ኪታብ ላይ አለ» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን አያቷ ራሳቸው ይዘውት መጡ። ለልጅ አይሰጥማ! በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ፌስታል ተደርጎበታል፤ ዝናብ ነበር። የቆዳ ሽፋኑ ከጀርባው የሚዞር ምላስ አለው፤ መጽሐፉ ሲዘጋ ፊት ለፊቱ ላይ ይታጠፋል። የገጾቹ ዳር በእጅ ብዛት ወይቧል። መክፈቻው ላይ በቀይና በጥቁር የተጠላለፈ ጌጥ አለ። ልጅቷ እውነቷን ነው። ቁጭ የእኔው ወረቀት ባይሆንም ዘመድ ነው፤ አንዱ ገመድ በሌላው ሥር ሲያልፍ፣ ተመልሶ ሲወጣ በዓይን ይታወቃል።

ሼሁ አያቷ ቀለሙ ከምን እንደሚሠራ ነገሩን። ከጥላሸት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊም ጥቁር ቀለሙን ከጥላሸት ነው የሚያወጣው። ከዚያ ከመሀል ገጽ ገለጡና ማንበብ ጀመሩ። ፊደሉ ዐረብኛ ነው፤ የሚሰማው ግን አማርኛ። መንዙማ። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥለው ጸጥ አሉ። አጀሚ እንደሚባል፣ የወሎ ዑለማ በዐረብኛ ፊደል አማርኛ ሲጽፉ እንደኖሩ ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የሚያውቅ ተማሪ አልነበረም።

ልጅቷ በመጨረሻ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ታዲያ ማን ከማን ነው የቀዳው?»

መልስ አልነበረኝም። የሚያውቅ ሰው እስካገኝ ብዬ ጥያቄዋን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ክረምት ይደርሳል፣ ኮርሱን እወስዳለሁ፣ አስተማሪውን እጠይቃለሁ አልኩ። ማስታወቂያችሁን ያነበብኩት ያን ደብተር በብብቴ ይዤ ነው።

አሁን ወደ አገር ግንባታው። ጣሊያናዊው ጆርጆ ቫሳሪ እ.ኤ.አ. በ1550 የሠዓሊዎችንና የቀራጮችን ሕይወት ሲጽፍ ለአገሩ ለፍሎረንስ ልጆች አዳላ። ብንሆን እኛም እናደርገዋለን። ጀርመናዊው ቪንክልማን በ1764 ስለ ጥንት ሥነ ጥበብ ሲጽፍ ነገሩ ከግለሰቦች ታሪክ ወጣ። የአንድ ሕዝብ ጥበብ ከአየሩ፣ ከነፃነቱና ከአኗኗሩ ጋር የተያያዘ ሆነ። ከዚያ ፈረንሳዮች ንጉሣቸውን አወረዱና በ1793 የፓሪሱን ቤተ መንግሥት ሉቭርን ሙዚየም አድርገው ለሕዝብ ከፈቱ። ትናንት የንጉሡ የነበረ ሥዕል ዛሬ «የእኛ» ሆነ። ማን ምን መቼ እንደሣለ የሚለይ፣ የሚመዘግብና ለዚህ «እኛ» ለተባለው ሰው የሚያስረዳ ባለሙያም አስፈለገ።

ጀርመኖች ገና አንድ መንግሥት ሳይኖራቸው ለዚህ ትምህርት ፕሮፌሰር ሾመዋል፤ ጎቲንገን በ1813፣ በርሊን በ1844። ቪየና በ1852 ተከተለች። ጀርመን አንድ አገር የሆነችው በ1871 ነው። ፕሮፌሰሩ ከአገሩ ቀድሟል ማለት ነው።

ጀርመን ያለውን የኮሎኝን ካቴድራል ተመልከቱ። በ1248 ተጀመረ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራው ቆመ። ድንጋይ ማንሻው ክሬን ያላለቀው ማማ ላይ እንደተገተረ ለብዙ መቶ ዓመታት ቀረ። (የተጀመረ ሕንፃ ላይ ብረት ዝጎ ሲቀር ለሚያይ የከተማችን ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።) በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጎቲክ (ካቴድራሉ የተሠራበት የሕንፃ ስልት) የጀርመን መንፈስ ነው የሚል ስሜት ሲግል፣ በ1842 ሥራው እንደገና ተጀመረ። በ1880 አለቀ። ስሜቱን ካቀጣጠሉት አንዱ ጀርመናዊው ደራሲ ጎተ ነው፤ በ1772፣ በወጣትነቱ፣ የስትራስቡርግን ካቴድራል የጀርመን ሕንፃ ጥበብ ብሎ አወድሶ ጽፎ ነበር።

ቆይቶ ግን ሕንፃዎቹ በዘመን ተራ ተደርድረው ሲመረመሩ፣ ጎቲክ የተወለደው ፈረንሳይ ውስጥ፣ ፓሪስ አጠገብ ሆኖ ተገኘ። ይህን ከተናገሩት መካከል ጀርመኖች ራሳቸው አሉበት። ካቴድራሉን ግን ማንም አላፈረሰውም። ጨርሰውታል፣ ዛሬም ይኮሩበታል፤ ከየት እንደመጣ አውቀው።

የምንጠይቃችሁ እንዲህ ያለውን ትምህርት ነው። ፉከራው ትምህርት አይፈልግም፣ ያለ ኮርስም ይኖራል። ሬዲዮ ላይ አለ፣ ፌስቡክ ላይ አለ፣ ሠርግ ላይ አለ። ፉከራውን ሰከን ብሎ የሚያርመው ሰው ነው ኮርስ የሚያስፈልገው።

ሩቅ አገር ካላሳመናችሁ ደግሞ መቅደላ እዚሁ ደቡብ ወሎ ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ሲጠጡ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሪቻርድ ሆምዝ የሚባል ሰው ነበር። የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ነው። ዕቃ ሊመርጥ የመጣ ባለሙያ። ዘረፋውን ለመጫን 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈለገ። ደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ወጣ፤ ሆምዝም ለሙዚየሙ ገዛ። ወደ 350 የሚጠጋ ብራና ለንደን ገባ። እ.ኤ.አ. በ1877 ዊልያም ራይት የተባለ ምሁር የሙዚየሙን የግዕዝ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተመ። እኛ የጠፋብንን ሳንቆጥር እነሱ የወሰዱትን ቆጥረው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ መጽሐፍ አወጡበት። አያያዛቸውን ስናየው ዘረፋውና ትምህርቱ አንድ በቅሎ ላይ ነው የተጫኑት።

ሆምዝ ለሙዚየሙ ያልሰጠው አንድ ሥዕል ነበር። ኵርዓተ ርእሱ ይባላል፤ የእሾህ አክሊል የደፋ የክርስቶስ ሥዕል ነው። ነገሥታቱ ለዘመቻ ይዘውት ይወጡ ነበር፤ ይማልበትም ነበር። አፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ሁለት ነገር ጠየቁ፤ ክብረ ነገሥትንና ይህን ሥዕል። መጽሐፉ ተመለሰ። ሥዕሉ አልተገኘም ተባለ። ሆምዝ በዚያን ጊዜ የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር፣ ሥዕሉም እሱው ዘንድ ነበር። ፎቶው እ.ኤ.አ. በ1905 ታትሞ ነው የታየው።

ይህን ለተማሪ መንገር ቀላል ነው፤ ያስቆጣል፣ ክፍሉም ይሞቃል። ከባዱ የሚቀጥለው ነው። ሥዕሉ የአውሮፓ ሠዓሊ ሥራ ነው። ባለሙያዎች የሚከራከሩት ፍሌሚሽ ነው ወይስ ፖርቱጋላዊ በሚለው ላይ ነው። የኢትዮጵያ ነገሥታት የማሉበት፣ ንጉሠ ነገሥት ደብዳቤ የጻፈለት ሥዕል የፈረንጅ እጅ ያረፈበት ነው። ታዲያ የእኛ አይደለም? ነው እንጂ። ግን ለምን «ነው» እንደምንል ለ8ኛ ክፍል ልጅ ለማስረዳት፣ አስተማሪው መጀመሪያ ራሱ ሊያስረዱት ይገባል። «አገር ግንባታ» ስንል ይህን ጭምር ማለታችን ነው።

በዚህ ጉዳይ አገራችን ተኝታ ነበር አንልም። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን አቋቁመዋል። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1955 ዓ.ም. ተከፍቷል። አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለ ቀለም መስታወት ላይ የአንድ አህጉር ታሪክ አስፍረዋል። ሥዕል ለአገር ምን እንደሚሠራ በዚያ ዘመን የገባው ሰው ነበር። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ታሪክ ጉባኤ የተካሄደው ግን እ.ኤ.አ. በ1986 ለንደን ላይ ነው። ደሴ ይሁን ነበር አንልም። አዲስ አበባ እንኳ አልነበረም።

የቅሬታችንን ሌሎች ጉዳዮች እንጨምር።

ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ አሮጌ ሥዕል ነበር። ጭስ ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ተልጧል። የሕንፃ ኮሚቴው ገንዘብ አዋጥቶ «ይታደስልን» አለ። ሠዓሊ መጣ፣ በዘይት ቀለም ከላይ እስከ ታች ሣለበት። አሁን ያብረቀርቃል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ አዲስ ቀለም የተቀባ ሚኒባስ ይመስላል። ከሥሩ የነበረው የስንት ዓመት ሥራ እንደነበር ከእንግዲህ በዓይን አይታወቅም። ሠዓሊው ማን መሰላችሁ? ከእኛው አንዱ ነው። የሥልጠናችሁ ምሩቅ። ስንወቅሰው «ማን ነግሮኝ?» አለ። እውነት ለመናገር መልስ አጣንለት። ቀለም መቀላቀል ተምሯል። ቀለም አለመንካት የሚባል ነገር እንዳለ ግን የነገረው የለም።

ሌላው የሐይቅ ጉዳይ ነው። ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1280 እስከ 1281 ባለው ጊዜ የተጻፈ አራቱ ወንጌል አለ። ዘመናቸው ከታወቀ የኢትዮጵያ ባለ ሥዕል ብራናዎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ገዳሙን ያስፋፉት አባ ኢየሱስ ሞዓ ራሳቸው ተሥለውበታል። በታክሲ ሄደን የምንመለስበት ቦታ ማለት ነው። ከመካከላችን ስንቶቻችን ይህን እናውቅ እንደነበር ብትጠይቁን እናፍራለን። ሴት ባልደረቦቻችን ደግሞ ቢያውቁም ወደ ገዳሙ አይገቡም፤ ሥርዓቱ ነው፣ እናከብረዋለን። ለእነሱ ያለው በር ክፍል ውስጥ የሚታይ ጥሩ ፎቶና የሚያስረዳ ሰው ነበር። የዘጋችሁት ያን በር ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ። ያኔ ሰው ሁሉ «ምን ጠፋ?» ሲል ነበር። እኛ መምህራኑ ልጆቹን ይዘን «ምን አለን?» ብለን አስቀድመን አለመግባታችን እስካሁን ያንገበግበናል። ይህን በእናንተ አናሳብብም። የእኛው ስንፍና ነው።

ደግሞም የተሰረዘው ኮርስ ፍጹም ነበር ብለን አንሟገትም። ሞጁሉን ከቀደሙት ሠልጣኞች ተውሰን አይተነዋል። ከፈረንሳይ ዋሻ ሥዕል ይጀምራል፣ ግብፅን፣ ግሪክን፣ ሮምን ይዞራል። ኢትዮጵያ መጨረሻ ላይ በአራት ገጽ ትመጣለች፦ አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ደህና ሁኑ። ላሊበላ ወሎ መሆኗ እንኳ አልተጻፈም። የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት የሆኑት ጌታና ጀማ ንጉሥ የሉም፣ አንድ መስጊድ የለም፣ አንድ ኪታብ የለም። ቃሉ ወረዳ ተወልዶ ያደገ ሠልጣኝ ይህን ሞጁል አንብቦ ሲጨርስ ስለ ራሱ አገር የሚረዳው ምንድነው? አያቶቹ ምንም እንዳልሠሩ። ልጅቷ ወረቀቴን እያዟዟረች ያየችው ለዚህ ይመስለኛል። የእሷ ቤት ወረቀት ላይ ይኖራል ብላ አልጠበቀችም።

የሥነ ጥበብ ታሪክ የሚጽፈው ሰው «እኛ» ማን እንደሆነ ይወስናል የምንለው ለዚህ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ሞጁሉ ግን ሲጠየፍ ኖሯል። እንዲስተካከል ስንጠብቅ እናንተ ጭራሽ አዳራሹን ዘጋችሁት።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

ኮርሱ ከመጪው ክረምት ጀምሮ ይመለስልን። ሥራ ፈጠራም ይቆይ። ሰዓት ጠበበ ከተባለ ቅዳሜ ከሰዓት እንማራለን፤ ፊርማችንን ሰጥተናል።

ሞጁሉ ከወሎ ይጀምር። የሐይቅ ወንጌል፣ የአጀሚ ኪታቦች፣ መቅደላና ኵርዓተ ርእሱ ይግቡበት። ዋሻውና ሮም ይቆዩ፣ ግን ተራቸውን ይጠብቁ። ዝግጅቱ ላይ የብራና ሊቅም፣ የኪታብ ዐዋቂም አብረው ይቀመጡ። ሁለቱንም ከዚሁ ከደሴ ሳትወጡ ታገኛላችሁ፤ ካስቸገራችሁ እኛ እናገናኛችኋለን።

በክረምቱ ቢያንስ ሁለት ቀን ከክፍል እንውጣ። አንዱን ወደ ደሴ ሙዚየም፣ ሌላውን ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ጌታ። የትራንስፖርቱን ግማሽ እንችላለን።

አሮጌ ሥዕልና መጽሐፍ እንዴት እንደሚያዝ፣ መቼ እንደማይነካ፣ ለማን እንደሚነገር የሚያስተምር ቢያንስ የአንድ ቀን ሥልጠና ይሰጠን። ይህን ለነገ ባታሳድሩት ጥሩ ነው። ሌላም የሕንፃ ኮሚቴ በዚህ ወር ከመካከላችን አንዱን «ይታደስልን» ብሎ ጠርቶታል። እስካሁን እሺም እንቢም አላለም።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንፈልጋለን። በዚያው ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉትም እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር

በደሴና በኮምቦልቻ የክዋኔና የዕይታ ጥበባት መምህራን፣ የክረምት ሠልጣኞች

በሁሉም ስም የጻፈው፦ የኮምቦልቻ የ7ኛና 8ኛ ክፍል የዕይታ ጥበባት መምህር